ከውጅግራ እስከ ስድስት ቁጥር፦ ጥይትና ርግብ በጉለሌ ዳገት

በጉለሌ አድባራት ጣሪያ ላይ በመንጋ የሚያርፈው ነጭ አንገትጌ ያለው ርግብ ለዓለም ሳይንስ የተዋወቀው በጥይት ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርት ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን ወፎች ይዞ ፍራንክፈርት ገባ፤ በ1837ም ይህን ርግብ «ኮሉምባ አልቢቶርኩዌስ» ብሎ መዘገበው። በዚያ ዘመን የወፍ ተመራማሪ ማለት ተኳሽ ማለት ነበር። የጣለውን ወፍ ቆዳ ገፎ፣ አድርቆ፣ በሣጥን አሽጎ ይልካል። ወፉ ከተበጣጠሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ጠመንጃውን ከማንሣቱ በፊት ምን ዓይነት እርሳስ እንደሚያጎርሰው ማሰብ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ በእንጦጦ ሥር በተዘረጋው በጉለሌ ዳገት ብዙ ዓይነት ጥይት አልፏል። ለነገሥታት የተበረከተ፣ ከነጋዴ የተገዛ፣ ከጠላት የተማረከ፣ በገበያ እንደ ገንዘብ የተመነዘረ ሁሉ አለ። ለርግብ ተብሎ የተመረጠው ግን ከሁሉም ጥቂቱ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ከአፈሙዝ የሚሞላው ዘመን

በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሸዋ ገባ። ሃሪስ ዲፕሎማት ከመሆኑ በፊት በደቡብ አፍሪካ አደን ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ገጸ በረከት ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዙት ሳንጃ ያላቸው 300 ጠመንጃዎች ነበሩ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋር ውል ተፈራረሙ። በዚያው ሰሞን ንጉሡ ወደ ፊንፊኔ ግድም ሲዘምቱ ሃሪስ አብሮ ወርዶ፣ የጉለሌና የሌሎች የኦሮሞ ጎሳዎች መኖሪያ የነበረውን ይህን የእንጦጦ ግርጌ አይቷል።

እነዚያ ጠመንጃዎች ውስጣቸው ልሙጥ ነበር። ባሩድ ከአፈሙዝ ይፈስሳል፣ ውታፍ ይከተላል፣ ከዚያ እርሳስ ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ምርጫው በተኳሹ መዳፍ ላይ ነው፦ አንድ ድቡልቡል ዓረር ከጨመረ መሣሪያው የጦር ነው፤ እፍኝ የእርሳስ ፍሬ ከጨመረ ያው መሣሪያ የወፍ ጠመንጃ ይሆናል። የሸዋ ነፍጠኛ ግን ፍሬ የሚጨምርበት ምክንያት አልነበረውም። የአገር ውስጡ ባሩድ ከሰል፣ ድኝና የባሩድ ጨው ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በብዙ ድካም የሚገኝ ነው። እርሳስም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ ማዕረግ የሚያስገኘው አደን የዝሆን፣ የአንበሳና የጎሽ ነበር። አንበሳ የገደለ ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ በግብር አዳራሽ ስሙ ይነሣል። ርግብ ገድሎ የሚፎክር ቢኖር የአዝማሪ መሣቂያ ከመሆን አያልፍም።

እህል የሚለቅሙ ወፎችን የሚከላከለውም ጠመንጃ አልነበረም። ገብሱ ሲያሽት እረኛው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያስጮኻል፤ ጠጠሩ ቢመታም ባይመታም መንጋው ይነሣል። ለዚህ ሥራ ከወንጭፍ የረከሰ መሣሪያ፣ ከጠጠር የረከሰ ጥይት አይገኝም። ርግብ ደግሞ ሌላ ከለላ አላት። ለኖኅ የወይራ ቅጠል ያመጣች፣ በዮርዳኖስም መንፈስ ቅዱስ በአምሳሏ የወረደባት ናትና በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ስታርፍ እጁን የሚያነሣባት ምእመን አልነበረም።

ሸዋ ውስጥ ወፍን በእርሳስ ፍሬ መተኮስን ሥራዬ ብለው ከያዙት ቀደምቶች አንዱ ጣልያናዊው ማርኬዝ ኦራትዚዮ አንቲኖሪ ነው። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከውን ቡድን መርቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ ገባ፤ ንጉሥ ምኒልክም ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። እዚያም በዕድሜው የገፋው ተመራማሪ ለአደን በወጣበት የገዛ ጠመንጃው ባርቆ ቀኝ እጁን አቆሰለው። እሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ልጥ ማረፊያ እስኪሞት ድረስ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖረ።

የናስ ቀለህ እንጦጦ ደረሰ

አንቲኖሪ በሞተበት ዘመን የጥይት ጠባይ በዓለም ዙሪያ ተለውጦ ነበር። ፈረንሳዊው ካዚሚር ለፎሾ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከወደኋላ ተከፍቶ የሚጎርስ ጠመንጃና ለሱ የሚሆን የወረቀት ቀለህ አስተዋወቀ፤ ሌሎች ቀለሁን አሻሽለው እሳት የሚጭረውን ቆብ በቀለሁ መቀመጫ መካከል አደረጉት። ባሩድ፣ ውታፍ፣ እርሳስና እሳት አንድ ላይ ታሽገው መጡ። ከዚህ በኋላ ተኳሹ የሚመርጠው በመዳፉ ሳይሆን በሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ሆነ። የአደን ጥይት የወረቀት ቀለህና የናስ መቀመጫ ይዞ በአንድ በኩል ሄደ፤ የጦር ጥይት ሙሉ የናስ ቀለህ ለብሶ በሌላ በኩል ሄደ። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የመጣው ሁለተኛው ነው።

በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ብዙ የረሚንግተን ጠመንጃ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ወደቀ። በደቡብ ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዛውረው በታጁራ በኩል መሣሪያ የሚያመጡትን የፈረንሳይ ነጋዴዎች ይጠባበቁ ነበር። ከነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ግጥም መጻፍ ያቆመው አርቱር ሬምቦ ነው። ሸሪኩ ፒየር ላባቱ ስለ ሞተበት ወደ 2,000 የሚሆኑ ጠመንጃዎችንና በብዙ ዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት የጫነውን ቅፍለት ብቻውን እየመራ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ አንኮበር ደረሰ፤ ከዚያም እንጦጦ ወጣ። ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው፣ ሐረርን ይዘው፣ የተማረከ መሣሪያ አስጭነው ሲመለሱ የሬምቦ ዕቃ ዋጋው ወርዶ ነበር። የላባቱ አበዳሪዎችም ከየአቅጣጫው መጡበት። በመጨረሻ የተሰጠው የክፍያ ወረቀት ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን የሚቀበለው ሆነና ከጉለሌ በላይ ያለውን ዳገት በንዴት ወርዶ ሄደ።

በዚያ ዘመን በእንጦጦ ግምጃ ቤት ስሙ ገንኖ የነበረው ጠመንጃ ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው ይህ ባለ አንድ ጎራሽ መሣሪያ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ዓረሩ 25 ግራም፣ ባሩዱ ከ5 ግራም በላይ ነበር። አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ዛሬ ለርግብ የሚሸጥ ተራ የሾትገን ጥይት የሚይዘው እርሳስ 28 ወይም 30 ግራም ነው። ስለዚህ የውጅግራው ዓረርና የርግብ ጥይት የሚወረውሩት እርሳስ ክብደቱ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አንዱ እርሳሱን በአንድ ዓረር ጠቅልሎ ለአንድ ጠላት ሲልከው፣ ሌላው ሦስት መቶ ያህል ፍሬ አድርጎ በሰማይ ላይ መበተኑ ነው። እንጦጦ ላይ የነበረው ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ዘመኑ ራሱ ወስኖለት ነበር።

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ጭቅጭቅ ሲያስነሣ የጥይቱ ጉዳይ ተባባሰ። እ.ኤ.አ. በ1890 የብራስልስ ጉባኤ ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል እንዳይገባ ከለከለ፤ ልሙጥ የሆነውን አሮጌ ባለ ባልጩት ጠመንጃ ግን ከክልከላው ውጪ አደረገው። ለወፍ የሚበቃውን ፈቅዶ ለጦር የሚበቃውን መከልከሉ ነበር። ጣልያን ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ይዣለሁ ትል ስለነበር ለወዳጅነት ስትል ጥይት መላኳን አላቋረጠችም፤ በ1885 ዓ.ም. ዶክተር ሊዮፖልዶ ትራቬርሲ 2 ሚሊዮን ጥይት ለአፄ ምኒልክ አስረከበ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ግምጃ ቤት አስገብተው ብዙም ሳይቆዩ፣ በየካቲት ወር ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ነገሩ ዓድዋ ላይ አለቀ።

ጥይት ገንዘብ ሲሆን

ከዓድዋ በኋላ አዲስ አበባ እየሰፋች ሄደች። ሕዝቡ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃና ወደ አራዳ ወረደ፤ ጉለሌም በባሕር ዛፍ እየተሸፈነ የመኳንንትና የሠራዊት ሰፈር ሆነ። በዚህ ጊዜ ጥይት ከመሣሪያነት ወጥቶ መገበያያ ሆነ። ጠገራ ብር ለትንንሽ ግዢ ይበዛል፤ አሞሌ ጨው ይሰበራል፣ በዝናብ ይሟሟል። የውጅግራ ጥይት ግን አይበላሽም፣ መጠኑ አንድ ነው፣ ማንም ያውቀዋል፣ ማንም ይፈልገዋል። በየገበያው ተቀባይነት አገኘና ከአሞሌው ጎን ቆመ። ባዶው ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ ሠራተኛ እጅ ገብቶ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይወጣል። የተቀባዩም ስጋት እዚያው ላይ ነበር፤ በአግባቡ ያልተሞላ ጥይት በጥሩው መሀል ተቀላቅሎ ቢመጣ በመልኩ አይለይም።

እንግዲህ ከገበያ በርበሬ ወይም ቡና የሚገዛለትን ጥይት፣ ሥጋዋ ለአንድ ሰው ጉርሻ በማይበቃ ርግብ ላይ የሚያጠፋ ሰው ከየት ይመጣል? ርግቦቹ በሺህ በሚቆጠር ጠመንጃ መሀል ተረጋግተው የኖሩበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሃይማኖቱ ጠበቃቸው፤ ከሃይማኖቱ ያላነሰ ግን የጥይቱ ዋጋ ጠበቃቸው።

በዚያው ዘመን አውሮፓ ተቃራኒውን ታደርግ ነበር። የጥይት ፋብሪካዎች ስለ በዙ የሾትገን ጥይት ረከሰ፤ ሞንቴ ካርሎ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ሀብታሞች ከሣጥን የተለቀቀ ርግብ እየተኮሱ ይወራረዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሰሞን ሕያው ርግብ መተኮስ ውድድር ሆነና ቤልጅጉ ሌዮን ደ ሉንደን 21 ርግብ ጥሎ አሸነፈ። ርግብ ለማደን የሚሆን ጥይት መምረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው በነዚህ ሜዳዎች ነው። ፍሬው በጣም ከደቀቀ ላባውን በትኖ ወፉ ያመልጣል፤ በጣም ከገዘፈ ቁጥሩ ስለሚያንስ በፍሬዎቹ መሀል ክፍተት ይፈጠርና ወፉ በዚያ ያልፋል። የአፈሙዙን ጫፍ በጥቂቱ በማጥበብ ፍሬው ቶሎ እንዳይበተን የማድረግ ዘዴም በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ተስፋፋ።

ሰብሳቢዎቹ

የኦሊምፒኩ ውድድር በተካሄደበት በዚያው በ1892 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ጀርመኖች፣ ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን፣ ከዘይላ ተነሥተው በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ኤርላንገር በጉዞው ሁሉ በሺዎች የሚቆጠር የወፍ ቆዳ የሰበሰበ ወጣት ባሮን ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ብዙ አልኖረም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ዛልትስቡርግ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካዊው የቻይልድስ ፍሪክ ቡድን በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ደረሰ፤ በቡድኑ ውስጥ የነበረው የወፍ ሊቅ ኤድጋር ሚርንስ ከኢትዮጵያና ከኬንያ በሺዎች የሚቆጠር ወፍ ለዋሽንግተን ቤተ መዘክር ሰበሰበ።

ለነዚህ ሰዎች ጥይት መምረጥ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። የአንድ ሰብሳቢ ሣጥን ሲከፈት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጥይት ይገኝበታል። ለትልቅ አሞራና ለዝይ ገዘፍ ያለ ፍሬ፤ ለርግብ፣ ለቆቅና ለጅግራ መካከለኛ፤ ለትንንሾቹ ወፎች ደግሞ የአሸዋ ያህል የደቀቀ ፍሬ። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 12 ቁጥር የሚባለው ፍሬ ስፋቱ 1.27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 6 ቁጥር ግን 2.8 ሚሊ ይደርሳል። ቁጥሩ ሲያድግ ፍሬው እንደሚያንስ ለአዲስ ሰው ግር የሚለው ነገር ነው። ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች በትልቁ አፈሙዝ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ይይዙ ነበር፤ በሱ ትንሽ ጥይት ተኩሰው ድንቢጥ የምታህል ወፍ ላባዋ ሳይጎድል ያነሣሉ። ለራታቸው ርግብ ሲፈልጉ ቱቦውን አውጥተው መደበኛውን ጥይት ያጎርሳሉ። ለሳይንሱና ለድስቱ አንድ ዓይነት ጥይት አይሆንም ነበር።

ከሁሉም ስሙ የቀረው በ1919 ዓ.ም. የመጣው የቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ቡድን ነው። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ መሪያቸው ዊልፍሬድ ኦስጉድ፣ ሠዓሊያቸው ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ። አዲስ አበባ ላይ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው ፈቃድ ሰጧቸው። ፉዌርቴስ ከሌሎቹ ሰብሳቢዎች የሚለየው ወፉ እንደ ወደቀ፣ የዓይኑና የእግሩ ቀለም ሳይለወጥ፣ ተቀምጦ ስለሚሥለው ነበር። ስለዚህ ያልተጎዳ ወፍ ይፈልጋል፤ የጥይቱ ምርጫ ከሥዕሉ ብሩሽ እኩል ያሳስበዋል። ከኢትዮጵያ መቶ ያህል ሥዕል ይዞ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1927፣ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ውስጥ መኪናው በባቡር ተገጭታ ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ተረፉ፤ ዛሬም የኢትዮጵያ ወፎች በጥራት ከተሣሉባቸው ሥራዎች መሀል ይቆጠራሉ። በዚያው ዘመን ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየዞረ ካርታ ሲያነሣ የጎጃምንና የጣናን አካባቢ ወፎች በጎን ይሰበስብ ነበር።

ይህን ሁሉ ያየ የአገሬው ሰው ሳይገርመው አልቀረም። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ፣ በበቅሎ ተጉዞ፣ በእጁ ካለው ጠመንጃ ሁሉ ታናሹን መርጦ ታናሿን ወፍ ይተኩሳል! ጥይቱ ግን ለፈረንጁ ርካሽ ነበር፤ ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ጥይት ሕይወት በሚሆንበት ጊዜ

ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የመሣሪያ ውል ፈረመች። መንግሥቱ መሣሪያ በሕግ መግዛት እንደሚችል ውሉ አረጋገጠ። ውሉ ግን የጦሩ ደመና ሲከማች አልጠቀመም፤ በ1927 ዓ.ም. ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ መሣሪያውን በራሷ የምትሠራውን ጣልያንን ክልከላው አልነካትም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራው ሲጀመር ብዙ ዘማች በእጁ የነበረው የአያቱ ውጅግራና በዝናሩ የተሰካ ጥቂት ጥይት ነበር።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ከተያዘች በኋላ መሣሪያ አስረክቡ የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ ቤቱ ውስጥ ጥይት የተገኘበት ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደቀ። ሆኖም በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ዘመቱ፤ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰሜን በኩል ወርዶ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ደረሰ። ዝናቡ፣ የጦሮቹ በአንድ ሰዓት አለመድረስና የጥይት ማነስ ጥቃቱን አከሸፈው። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በእንጦጦ ጀርባ ያለፈ አርበኛ አንድ ጥይት ሲተኩስ የሚተካት ከየት እንደሚያገኝ አስልቶ ነበር። በነዚያ አምስት ዓመታት ጥይትን ለወፍ ማጥፋት የሞኝነት ሁሉ መጨረሻ ነበር።

ከጠመንጃ ወደ መነጽር

ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአደን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1944 በአዋጅ ቁጥር 61 ታወጀ። አደን ያለ ፈቃድ የማይነካ ሆነ። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ ሰዎችና ጥቂት ባለጸጎች ሾትገን መያዛቸው እየተለመደ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1960 ረሚንግተን የፕላስቲክ ቀለህ ያለው ጥይት ገበያ ላይ አዋለ፤ በእርጥበት ያብጥ የነበረው የወረቀት ቀለህ ከዚህ በኋላ እየቀረ መጣ። ለጉለሌ ዓይነቱ ጭጋግና ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ የወፍ ምርምሩ ራሱ ከጥይት እየራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆኖ በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተመ። ቤተ መዘክሮቹ በቆዳ ሞልተው ነበርና አዲሱ ጥያቄ «ይህ ወፍ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ቀረ? የት ይራባል? ምን ይበላል?» ሆነ። ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የጥይት ቁጥር የለም። የወፍ ሰብሳቢ ጠመንጃውን አስቀምጦ መነጽርና ማስታወሻ ያዘ።

ዛሬ የሚጠይቅ ቢኖር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለርግብ የትኛው ጥይት ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መልሱ በዓለም ላይ ብዙ ያልተለዋወጠ ነው። ካሊበር 12 ለሆነ ሾትገን ከ28 እስከ 32 ግራም እርሳስ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር ትከሻ መምታት እንጂ ወፍ መጨመር አይደለም። በእንግሊዞች አቆጣጠር 6 ቁጥር ፍሬ ስፋቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ30 ግራም ውስጥ 285 ያህል ይገባል፤ 7 ቁጥር 2.4 ሚሊ ሆኖ 360 ያህል ይገባል። ለቅርቡ ሰባት፣ ለራቀው ስድስት ይመረጣል፤ ከ40 ሜትር በኋላ ግን የትኛውም ቢሆን ከመግደል ይልቅ ያቆስላል። ቁጥሮቹ በየአገሩ ስለሚለያዩ የእንግሊዙ ስድስት ለአሜሪካው ሰባት ይቀርባል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሚሊ ሜትር ማንበብ ይሻላል።

ከፍሬው በፊት የሚቀድመው ግን ደኅንነት ነው። ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ የሚያጎርሰው 65 ሚሊ ርዝመት ያለውን ጥይት ነው፤ የዛሬው ጥይት በብዛት 70 ሚሊ ነው። ረጅሙ ቀለህ ሲተኮስ አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ፣ ብረቱ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ የተጋለ አፈሙዝ ደግሞ ጭስ አልባውን ባሩድ የሚችል መሆኑ በባለሙያ ካልተረጋገጠ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይሻላል። አንቲኖሪ የቆሰለው በአውሬ አልነበረም።

የጉለሌ ከፍታ የራሱን ነገር ይጨምራል። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፍሬው የሚገጥመው ተቃውሞ ስለሚቀንስ ፍጥነቱን ይዞ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ቶሎም አይበተንም። እንግሊዝ አገር በቆላ ሜዳ ላይ የተፈተነ ጥይት እዚህ ዳገት ላይ የበለጠ ጉልበት ያሳያል። ያ ማለት ደግሞ ስቶ ያለፈው ፍሬም የበለጠ ይርቃል ማለት ነው፤ ከጉለሌ ዳገት በታች ያለው ከተማ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን የተፈጠረው ለሌላ ርግብ ነው። የእንግሊዝ ገበሬ የሚተኩሰው የጫካ ርግብ በሚሊዮን የሚቆጠር፣ ሰብል የሚያወድም፣ ሕጉም እንደ ተባይ እንዲገደል የሚፈቅደው ወፍ ነው። የጥይት ፋብሪካዎች «ለርግብ» ብለው በካርቶን ላይ ሲጽፉ የሚያስቡት እሱን ነው። የእኛው ባለ ነጭ አንገትጌ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ውጪ በዓለም ላይ የለም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ማደን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያ መያዝ ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። በጉለሌ በኩል 705 ሄክታር ላይ የተዘረጋው የዕፅዋት ማዕከል የዳገቱን አገር በቀል ዛፎች መልሶ እየተከለ ለወፎቹም መጠጊያ ሆኗል።

የዳገቱ ታሪክ በዚህ ቅደም ተከተል ሲታይ ርግቦቹን ያተረፈው ደግነት ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ ጥይቱ ውድ ስለ ነበር ተረፉ፤ ቀጥሎ ጥይቱ ገንዘብ ስለ ሆነ ተረፉ፤ ከዚያም ጥይቱ ነፃነት ስለ ነበር ተረፉ። ዛሬ ጥይት እንደ ዱሮው ብርቅ ስላይደለ ያ የድሮ ጥበቃ ተነሥቷል፤ በቦታው የቆመው ሕጉና ሰው ስለዚህ ወፍ ያለው ዕውቀት ነው። ስድስት ቁጥር ይሻላል ወይስ ሰባት የሚለው ክርክር ለእንግሊዝ እርሻ ይሁን፤ በጉለሌ ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ወፍ ጥይት መምረጥ እንደማይገባ የሚያውቅ ሰው ነው።